ከ«ማ» እግር ሥር

«እናቴ፣ ሰማያዊ ደብተር አላዩም?»

ደብተሩ እናትየዋ ከተቀመጠችበት ሶፋ ትራስ ሥር ነበር።

የጠየቀቻት የሟች ልጇ የሥራ ባልደረባ ነች። ሁለቱ በአንድ ቤተ ሙከራ አራት ዓመት አብረው ሠርተዋል። የሚሠሩት ባትሪ ነው፤ ከብረት ሳይሆን ፖሊመር ከሚባል የፕላስቲክ ዘመድ። ልጇን መንገድ ስትሻገር መኪና ከገጫት ሦስተኛ ቀኗ ነው። ሳሎኑ ከጎረቤት በተዋሱት ወንበሮች ተሞልቷል።

«ሰው ሞቶብን አንቺ ደብተር ትፈልጊያለሽ?» አለች የእናትየዋ ታናሽ እህት፣ ለእንግዶች ሻይ እየቀዳች።

«ይቅርታ፣ እትዬ። ሰኞ አለቆቻችን ሥራውን ሊዘጉት ነው። ‹ፕላስቲኩ አይረባም› ብለዋል። እሷ ግን ‹ጥፋቱ የፈሳሹ ነው› ትል ነበር።»

«ኮምፒውተር የላችሁም እንዴ?»

«አለን። የመጨረሻውን ሙከራ ግን አላስገባችውም። እሷ መጀመሪያ ደብተር ላይ ነው የምትጽፈው።»

እናትየዋ ትራሱን ጫን ብላ ተደገፈች።

ልጇ ስለ ሥራዋ አንድ ቀን ብቻ አውርታላት ታውቃለች፤ አብረው ዕቃ ሲያጥቡ።

«ባትሪ ውስጥ ሁለት ወገን አለ» ብላት ነበር። «መሐላቸው ጨው ያለበት ፈሳሽ አለ፤ ኤሌክትሮላይት ይባላል። ባትሪው ሲሞላና ሲያልቅ ጨው ይመላለስበታል።»

«ታዲያ ምን ቸገረሽ?»

«ፈሳሹ ቀጭን ሲሆን ባትሪው ቶሎ ይሞላል፤ ግን ፕላስቲኩን ይበላዋል። ጨው ስታበዢበት ደግሞ ይወፍርና ይንቀራፈፋል።»

«የጨው ነገር ከሆነ እኔን አማክሪኝ እንጂ።»

«አንቺማ ታበዢዋለሽ፣ ማማ!»

አፏን ከፈታች ጀምሮ «ማማ» ነበር የምትላት። ሥራ ይዛ ከቤት ከወጣች በኋላ ግን ስልኳ እያጠረ ሄደ፤ በመደወል ፈንታ መልእክት መጻፍ አመጣች። እናትየዋ ፊደል አልቆጠረችም። ስለዚህ ለጎልማሶች የሚሰጥ ትምህርት ጀመረች። ሰው ሲጠይቃት «የመድኃኒት ወረቀት ለማንበብ ነው» ትላለች።

ከቀብር ማግስት የልጇ ቦርሳ ሲመጣላት ደብተሩን አውጥታ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። ብዙው አልገባትም። ግን በየገጹ አንድ የምታውቀው ቃል አገኘች። «በሦስተኛው ቀን ማማ።» «ፈሳሹ ቢጫ ሆነ፤ ማማ።» አሥራ ሰባት ቦታ ቆጠረች። የረሳቻት መስሏት ነበር። ለካስ ሥራ ላይ ሆና ስሟን ትጽፍ ኖሯል።

በአምስተኛው ቀን ባልደረባዋ ተመልሳ መጣች። ስለ ደብተሩ ትንፍሽ አላለችም፤ ወጥ ቤት ገብታ ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች።

«ይቺ ልጅ የምትመላለሰው ለለቅሶ ነው ለደብተር?» አለች እህትየዋ፣ በሹክሹክታ ነው ብላ።

«ለሁለቱም፣ እትዬ» አለች ልጅቷ ከወጥ ቤት።

እናትየዋ ተነሥታ እጇን ይዛ ወደ መኝታ ቤት አስገባቻትና በሩን ዘጋች። ደብተሩን ከነጠላዋ ሥር አወጣችው።

«እሰጥሻለሁ። ስለኔ የጻፈችባቸውን ገጾች ግን ቀድጄ አስቀራለሁ።»

«ስለ እርስዎ?»

«ይኸው። ‹በሦስተኛው ቀን ማማ።›»

ልጅቷ ገጹን አየችው። ዝም ማለት ትችል ነበር። ገጹ ከተቀደደ ግን የአራት ዓመት ሥራ አብሮ ይቀደዳል።

«እናቴ፣ ይቺ ‹ማ› አይደለችም። ከእግሯ ሥር ሰረዝ አለች። ‹ሟ› ነች።»

«ሟ?»

«ሟሟ። ፕላስቲኩ ፈሳሹ ውስጥ ሟሟ ማለቷ ነው።»

እናትየዋ ሰረዟን በጥፍሯ ነካ ነካ አደረገቻት፤ አልለቀቀችም።

«አልደረስንበትም» አለች። «እነ ሟ ገና ናቸው። አስተማሪዋ በሚመጣው ወር ብላናለች።»

ገጹን ገለጠች። ሌላውንም ገለጠች። አሥራ ሰባቱንም አንድ በአንድ አየች። ሁሉም ሰረዝ ነበራቸው።

«ስለኔ የተጻፈ የለም?»

«የለም፣ እናቴ። የሥራ ደብተር ነው።»

እናትየዋ ራሷን ነቀነቀች። ጣቷ ግን አላቆመም፤ መጨረሻ የተጻፈበት ገጽ ላይ ደረሰ።

«ይኼስ? አል… ሟ… ሟ… ም።»

ልጅቷ ቀና አለች። «እስቲ ይድገሙት።»

«አልሟሟም።»

«ከላዩስ ምን ይላል?»

«አራ… ተኛ ፈሳሽ። ጨው የበዛበት። ቀስ ብሎ ይሞላል። ሃያ ቀን… አልሟሟም።»

«እውነቷን ነው፤ ጥፋቱ የፈሳሹ ነበር» አለች ልጅቷ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። በአምስቱ ቀን ስታለቅስ ያያት አልነበረም። እናትየዋ እስክትጨርስ ቆማ ጠበቀቻት፤ ከዚያ ደብተሩን ሙሉውን ሰጠቻት።

ውጭ ያካፋል። በሩ ላይ ሲደርሱ እናትየዋ ደብተሩን ከልጅቷ እጅ ወስዳ እዚያው ልጅቷ ካፖርት ውስጥ፣ ደረቷ ላይ አስገባችው። ከዚያ ከታች ጀምራ ቁልፎቹን አንድ በአንድ፣ እስከ አንገቷ ድረስ ቆለፈችላት።

«ነገ እመለሳለሁ።»

«ነገ ሥራሽን ሥሪ።»

ልጅቷ ሄደች። እናትየዋ ከእህቷ ጋር ቀረች።