እንደ አንድ የሚቆጠር
በእንግሊዟ ባርንስሊ ከተማ የእንግሊዝኛ መምህሩ ሚስተር ክራብትሪ ስለ ጥቅል ስም እያስተማሩ ነበር። «መንጋ፣ ቡድን፣ ክፍል… ብዙ ሆኖ ሳለ እንደ አንድ የሚቆጠር» ብለው ወደ ሰሌዳው ዞር ሲሉ፣ የተጨማደደ ወረቀት ማጅራታቸው ላይ አረፈ።

«ማነው? አጥፊው እስኪታወቅ ማንም ለእረፍት አይወጣም!»

የተለመደ ቅጣታቸው ነው። ከተማሪዎቹ አንዷ ግሌኒስ ግን ዛሬ ደሟ ፈላ፤ ብድግ አለች።

«ቲቸር፣ ክፍላችን የንባብ ውድድሩን ሲያሸንፍ ዋንጫውን ለኪት ብቻ ሰጡት። አንድ የምንሆነው ለቅጣት ሲሆን ነው እንዴ?»

«አፍሽን ዝጊ! ውጪና ኮሪደር ላይ ቁሚ!»

«እወጣለኋ! ምን እንዳይመጣ ነው?»

በሩ ጋ ሳትደርስ ወንበሮች ተንኳኩ። መጀመሪያ ኪት ተነሳ፤ ከዚያ ክፍሉ፣ ብዙ ሆኖ ሳለ እንደ አንድ ሰው ተከትሏት ወጣ።