ከጉባኤው በኋላ የተነገረ መርዶ

ፀጋዬ ስልኩን ዘጋ። የደወለችው የጓደኛው የጥላሁን እህት ሸዋዓለም ነበረች፣ ከአዲስ አበባ። እናታቸው አርፈው ተቀብረዋል። «ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ አደራ! ሰው ይዘህ ሂድና አርዳልኝ» አለችው።

ዕለቱ ዓርብ ነው። መርዶ ማለዳ ይነገራል፤ የነገው ማለዳ ግን የአዲሱ ፓርቲ መሥራች ጉባኤ ነው።

ደርግ ከወደቀ አራት ዓመት ቢያልፈውም የካናዳዋ የካልጋሪ ከተማ አበሻ ገና በተማሪነት ዘመኑ የፖለቲካ ጎራ ተከፋፍሎ ይኖራል። ያኛው ወገን ሰንሪጅ ገበያ ውስጥ ይሄኛውን ሲያይ ፊቱን ያዞራል። ያኔ የጥላሁንን ታላቅ ወንድም የገደሉት፣ ዛሬ እዚሁ ካልጋሪ የሚኖረው የበድሉ ጓዶች ናቸው። በድሉ እጁ የለበትም፤ ግን እያወቀ ዝም ብሏል። ፀጋዬ እነዚህን ሁለት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ለማስቀመጥ ስንት ክረምት ደጅ ጠንቷል! እነሱ ከታረቁ ሌላው ይከተላል፤ ካልታረቁ ፓርቲው ወሬ ሆኖ ይቀራል።

«ሚቲንጉን ካንስል አድርገው» አለች ሚስቱ አፀደ።

«ሁለተኛ ማን ይሰበስባቸዋል? እሁድ እናረዳዋለን። መርዶ ድሮም ይዘገያል እኮ።»

«የሚዘገየው ለእሱ ሲባል ነው፤ ላንተ ሲባል አይደለም።»

ቢሆንም ጉባኤውን አልሰረዘም።

ቅዳሜ ማለዳ ማርልቦሮ ሰፈር፣ ጠባብ አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰቡ። ጥላሁን ሺፍቱን አስለውጦ፣ ከረባት አስሮ መጣ። ደንቡ ሲነበብ እጁን አወጣ።

«ያን ሁሉ ሰው ያስጨረሰው መደባበቅ ነው። ከአባል የሚደበቅ ነገር የለም የሚል አንቀጽ ይግባልን።»

በድሉ ቀድሞ ደገፈው። ከዚያ ወደ ጥላሁን ዞሮ፣ «ስለ ወንድምህ ያኔ መናገር ነበረብኝ። ፈራሁ» አለ። ጥላሁን ተነሥቶ እጁን ዘረጋለት። ምሳ ላይ በድሉ ሲያጎርሰው ጥላሁን ከት ብሎ ሳቀ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ፀጋዬ ብቻ አላጨበጨበም።

እሁድ ማለዳ ሰው ይዞ የጥላሁንን በር አንኳኳ፤ በድሉም አብሮ ነበር። በዚያ ሰዓት የተሰበሰበ አበሻ ደጁ ቆሞ ያየ ሰው ሌላ ምን ይነገረዋል? ጥላሁን ገና ሳይነግሩት ጮኸ። አልቅሶ አልቅሶ ሲደክመው ቀና አለ።

«መቼ ሰማችሁ?»

«እኔ አሁን መንገድ ላይ ነው የሰማሁት» አለ በድሉ፣ ወደ ፀጋዬ እየዞረ።

ፀጋዬ መዋሸት ይችል ነበር፤ አልሆነለትም። «ዓርብ» አለ።

«እናቴ አፈር ገብታ እኔ ስስቅ ዝም ብለህ አየኸኝ?»

«ለሁላችንም ብዬ ነው፣ ጥሌ።»

«የወንድሜ ገዳዮችም እንደዚሁ ነው ያሉት።»

በድሉ ትከሻውን ሊይዘው ሲሞክር ገፈተረው። «ውጡልኝ! ሁላችሁም!» አለ። አንድ በአንድ ወጡ፤ በድሉ መኪናው ውስጥ ገብቶ ማንንም ሳይሰናበት ሄደ። በሩ ከውስጥ ተቆለፈ።

ፀጋዬ ቤቱ ሲደርስ ስልኩ ይጮህ ነበር። ሸዋዓለም ናት።

«ነገራችሁት? ብቻውን አይደለም አይደል?»

አፀደ ከማዶ ቆማ ታየዋለች።

«አይደለም» አላት ፀጋዬ። «ሁላችንም አጠገቡ ነን።»