የወዳጆ ነጎድጓድ

ያን ዓመት በልጉ ቀረ። የካቲት ወጣ፣ መጋቢት ገባ፣ ጠብታ የለም። በጎቹ ሜዳውን እስከ ሥሩ ጋጡት፤ የከሱት ወደ ዘመሮ ገበያ ተነድተው በርካሽ ተሸጡ። ኢሕአዴግ ከገባ ወዲህ እንዲህ ያለ በልግ አልታየም።

አቶ ወዳጆ ዝናብ ቀድመው ይሰማሉ ይባል ነበር። በገደሉ በኩል፣ ከወደ ቆላው፣ ሰማይ ካጉረመረመ ዝናቡ አይዘገይም፤ የመንዝ ሰው ደረቅ ማሳ ላይ ገብስ የሚዘራው ያን ሰምቶ ነው። እሳቸውም በየማለዳው አጥራቸው ጥግ ቆመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው ያዳምጣሉ። አንድ ማለዳ ጉምጉምታው መጣ።

«ትዕዛዙ! ዝራ!» ብለው ጎረቤታቸውን ተጣሩ።

«እርግጠኛ ነዎት ጋሼ? ያለችኝ አንዲት ስልቻ ናት።»

«በጆሮዬ ሰማሁ እኮ!»

ትዕዛዙ ዘራ። ዝናቡ አልመጣም፤ ዘሩን ወፍና ጉንዳን ለቀመው። የአቶ ወዳጆ በሬ ታሞ ስለነበር እሳቸው ሳይዘሩ ቀሩ፣ ዘራቸውም ተረፈ። ትዕዛዙ ካሳ ጠየቀ፤ ሽማግሌ ተቀመጠ።

«የሰማሁትን ተናገርኩ፤ የዋሸው ሰማይ ነው» አሉ አቶ ወዳጆ። ካሳ አልከፈሉም።

ከዚያ ወዲህ ማኅበር ላይ በተገናኙ ቁጥር ትዕዛዙ፣ «ጋሼ፣ ዛሬስ ሰማዩ ምን አለ?» ይላቸዋል።

ዓመታት አለፉ። አቶ ወዳጆ ጥርሳቸውን ታመው መሐል ሜዳ ከተማ ሆስፒታል ሄዱ። ነርሷ ንክስ እንዲያደርጉ ጠየቀቻቸው።

«ውጭ ነጎደ» አሉ እንደነከሱ።

ነርሷ በመስኮት አየች። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። «እስቲ ይልቀቁት።»

ለቀቁ፤ ጠፋ። ነከሱ፤ መጣ።

«አባባ፣ ነጎድጓዱ የእርስዎ ነው» አለች እየሳቀች። «ከጆሮ ታምቡር ጀርባ፣ ታምቡሩን የምትወጥር ትንሽ ጡንቻ አለች። ጥርስ ሲነክሱ፣ ዓይን አጥብቀው ሲጨፍኑ ትወጠራለች። ከባድ ነገር የያዘ ክንድ ይንቀጠቀጥ የለም? እሷም እንደዚያው ናት። ጆሮ ውስጥ ስለሆነች መንቀጥቀጧ ይሰማል። በሽታ አይደለም።»

«ሌላ ሰው አይሰማውም?»

«የእርስዎን የሚሰሙት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

መንገዱን ሁሉ ያን ማለዳ እያስታወሱ ቤታቸው ደረሱ። ለካ ያኔ አጥብቀው ባዳመጡ መጠን ያጉረመርሙ የነበሩት ራሳቸው ናቸው።

«ጌታነሽ፣ የዘሩን ስልቻ አውጪ» አሉ ሚስታቸውን።

«ለምን?»

«የሰው ነው።»

አህያ ላይ ጭነው ትዕዛዙ ደጅ ደረሱ።

«ምንድን ነው ጋሼ?»

«ዘርህ። ያኔ ሰማይ አልነጎደም፤ ጆሮዬ ነው።»

ትዕዛዙ ትክ ብሎ አያቸው። «ዘንድሮስ ልዝራ?»

«እኔን አትጠይቀኝ።»

ትዕዛዙ ሳቀ። ገብሱን ጎተራው ውስጥ ገለበጠና ስልቻውን አራግፎ ባዶውን መለሰላቸው።