ሰማያዊው ጀሪካን

3.

የእርግዝና ክትትል ቅጽ
ስም፦ ዘርፌ ታምሩ
ሥራ፦ የአበባ እርሻ፣ ቆራጭ
እርግዝና፦ ሦስተኛ (አራተኛ ወር)
በሕይወት ያለ ልጅ፦ የለም
የመጠጥ ውኃ፦ ቧንቧ ✓

አንባቢ ሆይ፣ 1 እና 2ን አትፈልግ። ዘርፌ ቀብራቸዋለች፤ ሁለቱንም ሆዷ ውስጥ ሳሉ፣ በሰባተኛ ወራቸው ሞተውባት። ቅጹ ውኃው ከየት እንደሚቀዳ ይጠይቃል። በምን እንደሚቀዳ አይጠይቅም። ያዘጋጀው ሰው ውኃ ቀድቶ አያውቅማ!

4.

በእርሻው ወግ ነው፦ ሠራተኛ ስታገባ ከተባይ መድኃኒት መጋዘን ባዶ ጀሪካን ትሸለማለች። ተቆጣጣሪው አቶ ደምሰው በገዛ እጁ ያስረክባል። «ቤትሽ ይሙላ!» ይላል፤ ሴቶቹ እልል ይላሉ። ሰማያዊ፣ ወፍራም፣ ክዳኑ ጥብቅ። ዘርፌ የተለጠፈበትን ወረቀት ልጣ፣ የመጠጥ ውኃ ልትይዝበት በአሸዋና በኦሞ አጠበችው።

ሦስት ጊዜ።

5.

አማቷ፦ «የሷ ሆድ ልጅ አይዝም።»
ጎረቤት፦ «ዓይን ነው።»
ጤና ጣቢያ፦ «ከባድ አትሸከሚ።»
አቶ ደምሰው፦ «እንግዲህ እግዜር ያውቃል።»

ሁለተኛው ልጅ ሲሞት አቶ ደምሰው ለቅሶ ደረሰ። ማጽናኛ ይዞ መጣ። ሌላ ጀሪካን።

6.

የተባይ መድኃኒት ረጪዎች ዓመታዊ ሥልጠና፣ ለወንዶች ብቻ። ዘርፌ የገባችው ሻይ ልታቀርብ ነው።

«ባዶውን ዕቃ ብሱት» አለ አሠልጣኙ። «ቢታጠብም ውኃ አይያዝበትም። ፅንስ ይገድላል።»

አቶ ደምሰው ከፊት ተቀምጦ ይጽፋል። ሰባተኛ ዓመቱ ነው፤ ሰባት ጊዜ ጽፎታል።

ትሪውን አስቀመጠች። «ያውቁ ነበር?»

«ዘርፌ፣ ለእናንተው ብዬ እኮ ነው! ዕቃ ከየት ታመጡ ነበር?»

ሻዩን ፊቱ ላይ ብትደፋው ደስ ባለኝ። አልደፋችም። ሮጣ ቤቷ ገባች፤ መጥረቢያ አንስታ ጀሪካኑን እስኪደቅ ከተከተችው። ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች። «አንተ እንኳ ትረፍልኝ» አለችው።

ከዚያ ሁለተኛው ጀሪካን ትዝ አላት። ለታናሽ እህቷ ለብርቄ፣ ለሠርጓ ሰጥታዋለች።

7.

የስልክ ንግግር

ዘርፌ፦ ብርቄ፣ ያ ጀሪካን...

ብርቄ፦ አለ እትዬ! ለባሌ እንኳ አላስነካውም፣ የምጠጣው ከሱ ብቻ ነው። «ነፍሰ ጡር ውኃዋን ለብቻ ትያዝ» ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ? ሰባተኛ ወሬን ያዝኩ እኮ! ብቻ ልጁ ከትናንት ጀምሮ ዝም ብሏል፣ መቼም ተኝቶ ነው። አይደል?