የአድማጯ መሐላ

ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ሠላሳ ዓመት የሆቴል ስልክ ስታገናኝ ኖራለችና ባልደረቦቿ «ጆሮ» ይሏታል። አሁን የምትሠራው ኑሮ ያስመረራቸው ሰዎች በሚደውሉበት ቢሮ ነው። አራት ጠረጴዛ፣ አራት ስልክ፣ ግድግዳው ላይም በትልቁ የተጻፈ ደንብ አለ፦ «የማትጠብቀውን ቃል አትስጥ።» ደንቡን ለአዲስ ገቢዎች የምታስተምረው ራሷ ጆሮ ናት። ሌላውን ማስተማር መቼም ቀላል ነው።

ማክሰኞ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ አንድ ልብስ ሰፊ ይደውልላታል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ነው። የስፌት መኪናውን እየረገጠ ደንበኞቹን ያማል። አንዱ ራሱ ወፍሮ «ሱሪዬን አጠበብክብኝ» ብሎ እንደተጣላው ነግሯት አብረው ስቀዋል።

የዚያን ማክሰኞ ግን የመኪናው ድምፅ አልነበረም።

«እትዬ፣ የሰው ልብስ ሁሉ ጨርሼ በየስሙ ሰቅያለሁ» አላት። «ደህና ሁኚ ልልሽ ነው።»

«ወንድሜ፣ ራስህን ልታጠፋ ነው?» ብላ በቀጥታ ጠየቀችው።

«አዎ፣ ዛሬ። ሰው እንዳትልኪብኝ፤ እዘጋዋለሁ።»

«አልልክም።»

«በይ ‹ልጄ ትሙት› በይ።»

አንዲት ልጅ አለቻት፤ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ናት። አንድ ቀን ወሬ አምልጧት ነግራዋለች። በየምሽቱ «ገባሽ ወይ?» እያለች ስትደውልላት ልጅቷ «እማዬ፣ ያንቺ ፈረቃ አያልቅም እንዴ?» ትላታለች። ጆሮ ስልኩ እንዳይዘጋ ፈራች፤ ምላሷ ቀደማት።

«ልጄ ትሙት።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

አለቃዋ ሲስተር ከጎኗ ተቀምጣለች። አድራሻውን ካርድ ላይ ጽፎ ማቀበል ብቻ ነው። ከመነጽር ቤቱ ጎን ሰማያዊ በር ያለው ሱቅ መሆኑን በደህናው ቀን፣ አምኗት፣ ራሱ ነግሯታል። ጽፋ አቀበለቻት፤ ሲስተርም ወደ ሌላው ስልክ ሄዳ አምቡላንስ ጠራች። በዚህ ጆሮ አላመነታችም፤ ነፍስ ይቅደም። የከበዳት ከዚያ በኋላ ያለው ነበር። ዝም ብላ ብታጫውተው፣ በሩ ሲንኳኳ የቀረችለት አንዲት የሚያምናት ሰው እንደሸነገለችው ያውቃል። ብትነግረው ደግሞ ስልኩን ይዘጋ ይሆናል። ሲስተር ተመልሳ በዓይኗ «እንዳትነግሪው» አለቻት።

«ወንድሜ» አለች ጆሮ፣ «መሐላዬን አፍርሻለሁ። ሰው ልኬብሃለሁ፤ እየመጡ ነው። ከእነሱ ሳይሆን ከእኔ ስማው ብዬ ነው።»

ስልኩን ግን አልዘጋም።

«ውሸታም!» አላት። «በልጅሽ ምለሽ?»

«በልጄ ምዬ። ስደበኝ፤ ብቻ አትዝጋው።»

ሰደባት። በሆቴሉ ዘመኗ እንኳ እንዲህ አሳምሮ የሚሳደብ አልገጠማትም። ስድቡ ሳያልቅበት በሩ ተንኳኳ።

በሕይወት ተረፈ። ግን ሦስት ማክሰኞ አልደወለም። ጆሮ በመሐላ ሰው ይሞታል ብላ አታምንም፤ ቢሆንም ሳይረን በሰማች ቁጥር ትደነግጣለች፤ ለልጇም በቀን አራቴ መደወል አመጣች። ደንቡን ስታስተምርም ግድግዳውን ቀና ብላ ማየት አቃታት።

በአራተኛው ማክሰኞ ስልኩ ጮኸ። ከሰውየው በፊት የስፌት መኪናው ተሰማ።

«ገና አልታረቅኩሽም» አለ ልብስ ሰፊው።

«አትታረቀኝ።»

«ላመሰግንሽም አልደወልኩም።»

«ይሁን።»

መኪናው ቆመ።

«እትዬ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ልጅሽ ደህና ናት? በእኔ ጦስ አንድ ነገር ትሆንብሻለች እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ እኮ።»

ጆሮ እንባዋ መጣ፤ አልደበቀችውም።

«ደህና ናት» አለችው። «አሁንም አውቶቡሷን እየነዳች ነው።»

«ተመስገን» አለ ልብስ ሰፊው፤ መኪናውንም መርገጥ ጀመረ።