ጠጋኙ የዘጋው ጣሪያ

ጠጋኙ ቀዳዳ አይወድም። ስሙም ከዚሁ የመጣ ነው፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም ከሚስቱ በስተቀር የሚያስታውሰው የለም። ባልዲ ቢያፈስ፣ በር አልገጥም ቢል፣ ቆርቆሮ ቢያንጠባጥብ የሚጠራው እሱ ነው። ሌላው ሰው ቤት ሲገባ ሰላምታ ያስቀድማል፤ እሱ መጀመሪያ ወደ ጣሪያ ያንጋጥጣል።

የሚኖረው በአንድ ረጅም ጣሪያ ሥር በተደረደሩ የኪራይ ቤቶች በአንዱ ነው። ግድግዳው ቤተሰብን ከቤተሰብ ይለያል እንጂ ከኮርኒሱ በላይ ያለው ባዶ ቦታ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ነው። ከግቢው ጀርባ ረግረግ አለ። በዚያ ባዶ ቦታ ደግሞ ከተከራዮቹ ሁሉ ቀድመው የገቡ ነዋሪዎች ነበሩ፤ የሌሊት ወፎች። ሲመሻሽ በጣሪያው ክፈፍ ሥር እየሾለኩ ይወጡና ረግረጉ ላይ ሲዞሩ ያመሻሉ። ቀን ቀን ይተኛሉ። ኪራይ አይከፍሉም እንጂ ከብዙዎቻችን የተሻሉ ጎረቤቶች ነበሩ። ጥፋታቸው ኩሳቸው ነው። ይሸታል፤ አንዳንዴም በኮርኒሱ ስንጥቅ ይወርዳል። አንድ ቀን የጠጋኙ ቤተሰብ የግድግዳ ተጋሪ የሆነችው ልብስ ሰፊ ለደንበኛ ባዘጋጀችው ነጭ ቀሚስ ላይ ወረደና ግቢው ቀውጢ ሆነ።

ጠጋኙን ግን ያስነሳው ቀሚሱ አይደለም፤ ልጁ ናት። አንዲት ልጁ የመጀመሪያዋን አርግዛ፣ ባሏ የረጅም መንገድ ሹፌር ስለሆነ፣ ልትወልድ እናቷ ዘንድ መጥታለች። በመጣች ዕለት ማታ አንዷ የሌሊት ወፍ መንገድ ስታ ቤት ገባችና በልጅቱ አናት ላይ ሁለቴ ዞረች። የልጅቱ ጩኸት ረግረጉ ድረስ ተሰማ።

“አባዬ፣ እነዚህ ነገሮች ባሉበት እኔ አልወልድም” አለች።

በቃ። አባት እንዲህ ከተባለ ሌላ ምን ይጠብቃል?

በማግስቱ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ መሰላሉን አቆመ። ሥራ በብርሃን ነው የሚያምረው የሚል ሰው ነው። ክፈፉን ከዳር እስከ ዳር በቆርቆሮ ጠፍንጎ ቸነከረ፣ የተረፈውን በሲሚንቶ ደፈነ። ጎረቤቱ ከታች ሆኖ “እጅህ ይባረክ!” ይላል። ቀን መሆኑን ሁሉም ያያል። የሌሊት ወፍ ቀን የት እንደምትውል ደግሞ ሕፃን ልጅም ያውቃል። ሆኖም ሁለቱን ነገር ያገናኘ አንድም ሰው አልነበረም። እሱም ቀዳዳ ሲያይ ሌላው ነገር አይታየውም።

ሲመሽ መቧጨሩ ጀመረ። ከኮርኒሱ በላይ፣ ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ። ሚስቱ ጭልፋውን እንደያዘች ቀና አለች።

“አንተ፣ ውስጥ ናቸው እንዴ?”

“ይወጣሉ፤ መንገድ አያጡም” አላት።

እሱ የዘጋውን መንገድ ማን ሊያገኘው! በማግስቱም ቧጨሩ። ልብስ ሰፊዋ ሬዲዮዋን ከፍ አደረገች። ከእሷ ወዲያ ያሉትም እንዲሁ አደረጉ፤ ግቢው የሠርግ ቤት መሰለ። ዝም አይነቅዝም ነውና ሁሉም ዝም አለ። ጠጋኙ ጆሮውን በትራስ ሸፍኖ ተኛ። መክፈት አሳፈረው። ትናንት ተመርቆ የወረደበትን መሰላል ዛሬ በምን ፊቱ ይውጣው? ከጥቂት ቀናት በኋላ ድምፁ ጠፋ። ሽታው መጣ፣ እሱም ሄደ። ግቢው እፎይ አለ።

እፎይታው የቆየው ዝናቡ እስኪያባራ ነው። ቢንቢ ድሮም ነበረ፤ ረግረግ ባለበት መቼ ይጠፋል? የዘንድሮው ግን ሌላ ነው። ሰው ሲያወራ አፉ ውስጥ ይገባል፣ ሲያዛጋማ አይነሳ። ጠጋኙ የሚያውቀውን አንድ ነገር አደረገ፤ ዘጋ። መስኮቱን በወንፊት ሽቦ፣ የበሩን ሥር በጨርቅ፣ የግድግዳውን ስንጥቅ በጭቃ። ቤቱ እንደታሸገ ጣሳ ሆነ። ሦስቱም በላብ ተጠምቀው ይተያያሉ፤ የሚያወሩት እንኳ አለቀባቸው። ልጅቱ ቀኑን ሙሉ አጎበር ውስጥ ናት። ነፍሰ ጡር ደግሞ መጸዳጃ ቤት ታበዛለች፤ መጸዳጃ ቤቱም ያለው ከግቢው ዳር፣ ረግረጉ አጠገብ ነው። እሷ ስትወጣ እየጠበቁ ይነድፏታል፣ ስትመለስ አብረዋት ይገባሉ። ወባ አንዴ ያዛት። ታክማ ዳነች። ደግሞ ያዛት።

ያከመቻት ጤና ባለሙያ ቤት ድረስ መጣች። ፊቷ እንቅልፍ የጠገበ የማይመስል ጎልማሳ ሴት ናት። የልጅቱን የዓይን ቆብ ገልበጥ አድርጋ አየችና ወደ ጠጋኙ ዞረች።

“አባባ፣ ደሟ ወርዷል። ከዚህኛው ትነሳለች። ሦስተኛ ከያዛት ግን ለልጁም ለእሷም ዋስ አልሆንም።”

“ሌላ ቦታ ብንወስዳትስ?” አለች እናት።

“በዚያ መንገድ፣ በዚህ ወሯ? መኪና ላይ እንድትወልድ ነው?”

“ቤቱን ፀረ ተባይ ልርጨው?” አለ ጠጋኙ።

“መተንፈሻ በሌለው ቤት? እሷን ነው የምትረጯት።” ባለሙያዋ ቦርሳዋን ዘጋች፤ ግን አልተነሳችም። “እኔን የገረመኝ፣ ላይኛው ሰፈር ያው ይሄንኑ ረግረግ ነው የሚጋራው። እዚያ እንዲህ ሰው እየተደራረበ አልታመመም።”

“እነሱ ጋ የሌሊት ወፎች አሉ” አለች ልጅቱ ከአጎበሩ ውስጥ። ድምጿ እምብዛም አይሰማም። “ማታ ማታ ረግረጉ ላይ ምን ሲለቅሙ የሚያመሹ ይመስላችኋል? እኛም ነበሩን።”

እናትና ባለሙያዋ ኮርኒሱን አዩ። ጠጋኙ መሬቱን አየ። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል ይባላል። ጣሪያ ሲዘጋ ልጅ ታማ እንደምትተኛ ግን ማንም አልነገረውም ነበር።

ባለሙያዋ እንደወጣች መሰላሉን አነሳ። ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች መጥታ ከሥሩ ቆመች።

“ምን ልትሠራ ነው?”

“ልከፍተው።”

“ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ደንበኛዬ ፊት የተዋረድኩትን ረሳኸው?”

“እትዬ፣ ልጄ ልትሞትብኝ ነው።”

“ወባው እኔስ ቤት አልገባም? እኔስ አተኩሶኝ አልሰነበትኩም?” አለችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። “ቆይ፣ ብትከፍተውስ ማን ይመጣል? እንዲህ ያደረገህ ሰው ቤት አንተ ትመለሳለህ?”

መሰላሉን አስደግፎ ወጣ።

የገዛ ሥራው አስቸገረው። ምስማሩን ሁሉ ጫፉን አጥፎ ነበር የመታው፤ እየረገመ ነቀለው። ቆርቆሮው ሲገነጠል፣ ድሮ መውጫቸው በነበረው ቦታ ላይ፣ ተደራርበው አገኛቸው። ደርቀዋል። አንዷን በሁለት ጣቱ አነሳት፤ ክብደት የላትም። ደረቷ ላይ ሌላ ትንሽ ነገር ተጣብቋል። ልጇ ነው። ቀጥሎ ያነሳትም ልጅ ታቅፋለች፣ ቀጥሎ ያለችውም። የዘጋባቸው በመውለጃቸው ወቅት ነበር። ጠጋኙ መሰላሉ ላይ ቆሞ አለቀሰ።

“አባዬ! የቀረ አለ?” አለች ልጁ ከውስጥ።

“እያየሁ ነው” አላት።

ሁሉንም በባልዲ ሰብስቦ በጨርቅ ሸፍኖ አወረዳቸው። ልብስ ሰፊዋ ባልዲውን አየችና ቤቷ ገባች። ክፈፉን እስከ ጫፍ ከፈተው። በሕይወቱ ቀዳዳ ሲያበጅ ያን ቀን የመጀመሪያው ነው።

ከዚያ ወዲህ በየምሽቱ እጅጌውን እስከ ጣቱ አውርዶ ደጅ ይቀመጣል። ቢንቢው ፊቱን ይለበልበዋል፣ እሱ ያንጋጥጣል። ላይኛው ሰፈር ሰማይ ላይ ይታዩታል፤ እየታጠፉ፣ እየተገለባበጡ ራታቸውን ይለቅማሉ። እስከ አጥሩ አካባቢ የደረሱ ይመስልና ይመለሳሉ።

“መጡ?” ትላለች ልጁ።

“ገና ናቸው።”

“ዛሬስ?”

“ይመጣሉ፤ መንገዱን አይረሱትም።” ይህን ሲል ከዚህ በፊትም እንዲህ ብሎ እንደነበር ትዝ ይለዋል።

አንድ ምሽት፣ ግድግዳው በሙቀቱ ላብ ባወጣበት ሰዓት፣ ሳትጠይቀው ቀረች። በሩን ገፋ አድርጎ ገባ። እናቷ ያለውን ልብስ ሁሉ እየደረበችላት ነው።

“አባዬ፣ ብርድ ብርድ አለኝ።”

ሚስቱ ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳታጠልቅ ጤና ባለሙያዋን ልትጠራ ሮጠች። ልጅቱ በሁለት እጇ ሆዷን አቅፋ ተንቀጠቀጠች። የአልጋው የብረት እግር ሲሚንቶውን ይቧጭር ጀመር። ያቆማል፣ ደግሞ ይቧጭራል። ጠጋኙ ድምፁን ያውቀዋል። አጎበሩን ገልጦ መግባት ፈራ፤ አብረውት የሚገቡትን ቢንቢዎች ፈራ። ከውጭ ተንበርክኮ የአልጋውን ብረት በሁለት እጁ ያዘና ክብደቱን ሁሉ ጫነበት። አልቆመለትም።

ከግድግዳው ማዶ ልብስ ሰፊዋ ሬዲዮዋን ከፍ አደረገች።