የቀን መግሪብ

መጋረጃውን ስትስበው ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። ብርሃን እንዳያሾልክ ጫፎቹን በመርፌ ቁልፍ አያያዘችና አምፖሉን አበራች።

«አባባ፣ አዛን ብሏል። ያፍጥሩ።»

አባቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና መሪ ላይ የጨረሱ ሰው ናቸው፤ ለመንገደኛ አለመጾም እንደሚፈቀድለት እያወቁ በዚያ ሁሉ ሐሩር አንድም ቀን አላጓደሉም። አሁን የልጃቸው ስም እንኳ ከአእምሯቸው ወጥቷል፤ ረመዳን ግን አልወጣም። ስኳር ስላለባቸው ሐኪሙም ኢማሙም «ጾም የለባቸውም» ብለው ነበር። ይህን ለእሳቸው ማስረዳት ግን ግድግዳ ማናገር ሆነ። ስለዚህ ልጅቷ በየቀኑ የስፌት መኪናዋን ታቆምና ቀኑን ታስመሽላቸዋለች። አብራቸው የምታፈጥር መስላ ብርጭቆውን ከንፈሯ ላይ ታሳርፈዋለች፤ አትውጥም። የእሷ ጾም እንዲህ ተርፎ ከርሟል።

ዛሬ ግን አባቷ ዓይናቸውን ከአንገቷ ላይ አልነቀሉም።

«ጉሮሮሽ አልተንቀሳቀሰም» አሉ።

«ጠጥቻለሁ፣ አባባ።»

«አልጠጣሽም። አዛን ቢልማ ትጠጪ ነበር።»

የስኳር መርፌውን ከወጋቻቸው ቆይቷል፤ ካልቀመሱ ስኳራቸው ይወርዳል። ግንባራቸው በላብ ራሰ፤ ጉልበታቸው ላይ ያረፉት እጆች ይንቀጠቀጡ ጀመር። ስኳር የበጠበጠችበትን ውሃ በማንኪያ ብታስጠጋላቸው ጥርሳቸውን ነከሱ። ለመነች። ተቆጣች። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ፤ ቃላቸውም መንተባተብ ጀመረ።

ከንጋት በፊት ሱሑር በልታ በልቧ የያዘችው የጾም ኒያ ትዝ አላት። ለነፍሳቸው ስትል ብታፈርሰው ጌታዋ እንደሚያውቅላት አልተጠራጠረችም። የራሷን ብርጭቆ አነሳችና እያዩዋት ዋጠች።

አንድ ጉንጭ ይበቃ ነበር። አባቷ አይተው፣ «እንግዲያው ቢስሚላህ» ብለው አፋቸውን ከፍተው ነበር። እሷ ግን በአንድ እጇ ማንኪያውን እያጎረሰቻቸው በሌላው ብርጭቆዋን እስከ መጨረሻው ጠብታ ጨለጠችው። የደረቀ ጉሮሮዋን ሲያርሰው ዓይኖቿ ተከደኑ። ሁለተኛውን ጉንጭ ማንም አልጠየቃትም።

አባቷ ቀስ በቀስ መለስ አሉ። ሾርባቸውን ጠጡ፣ ዳቦውንም ጨረሱ፤ እጃቸውን ዘርግተውም «ጌታዬ፣ የዚችን ልጅ ጾም ተቀበላት» ብለው ዱዓ አደረጉላት። «አሚን» ማለት አቃታት።

ከሰዓት በኋላ አንድ እጅጌ ሰፍታ መልሳ ተረተረችው። የፈረሰው ፈርሷል፤ ቢሆንም ምንም አልቀመሰችም። ለማን ብላ እንደምትታገሥ ግን ለራሷም አልገባትም። ለአባቷ ስትል ነበር የጠጣችው? አዎ። ከዚያ በኋላ የወረደውስ? ወይስ አንዳንድ ቀን እሳቸው በሞቱ ብላ እስክትመኝ ያደረሳትን፣ ሰው የማያውቅባትን ድካሟን ነው ያጠጣችው? እጇን ከስፌቱ ላይ አነሳች።

እውነተኛው የመግሪብ አዛን ሲሰማ ውጭው ደንግዟል። ቴምርና ውሃ ይዛ አጠገባቸው ተቀመጠች። አባቷ ደንገጥ ብለው ቀና አሉ።

«ነጋ?»

«አልነጋም፣ አባባ። መሸ እንጂ።»

አልሰሟትም። የሱብሒ አዛን መስሏቸው አፋቸውን በመዳፋቸው ጠራረጉ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው የዛሬን ጾም ለአላህ ብለው በልባቸው ያዙ። ፊታቸው ላይ ልጅ ሳለች የምታውቀው እርጋታ ተዘረጋ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ።

«አንቺስ» አሉ በለሆሳስ፣ «ኒያ አድርገሻል?»

ወደ አፏ ያነሳችው ብርጭቆ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ።